ሜዳው የታረመ ዕለት

እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ሥራዬ ማረም ነው። ጠዋት ድርሰት አርማለሁ፣ ከሰዓት ፈተና አርማለሁ፣ በመሃል የተማሪ አፍ አርማለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልኮፈስ ብዬ አይደለም። ከዚህ ቃል ጋር ስንት ዘመን አብሬ እንደኖርኩ እንድታውቁልኝ ነው፤ ምክንያቱም አንድ የሐምሌ ረቡዕ ጉድ የሠራኝ ይኸው ቃል ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ከሰፈራችን በታች፣ ቤቶቹ አልቀው እርሻው ሊጀምር ሲል አንድ ሰፊ ሜዳ አለ። ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ አቧራ፣ በመሃል የሰው ሁሉ ከብት መዋያ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለእንዲህ ዓይነት ሜዳዎች የሚያሰማራው ሰው ስላልነበረው ለወጣት የስፖርት ክለቦች በውል መስጠት ጀመረ። ውሉ ቀላል ነው። ክለቡ ሜዳውን ሣር ያለብሳል፣ የጎርፍ ቦይ ያወጣል፣ ለሰፈር ልጅ ሁሉ ክፍት ያደርጋል። ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ ቦታውን ለሌላ ጉዳይ አይሰጥም። በየዓመቱ አዲስ በጀት ሲገባ ኮሚቴ መጥቶ ያያል፤ ሣሩ ካለ ውሉ ይታደሳል፣ ከሌለ ሜዳው ይመለሳል። የእኛ ቢመለስ ለምን እንደሚውል ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። በገበያ ቀን ከተማውን ለሚያጨናንቁት የጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ሲፈለግ ከርሟል፤ ከእኛ ሜዳ የሚሻል ደልዳላ ቦታ ደግሞ አልተገኘም።

የክለቡ ሰብሳቢ የሆንኩት ኳስ ስለምወድ እንዳይመስላችሁ። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ልጆቹ «ቲቸር፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ሰው አጣን» ብለው ጠሩኝ፤ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ገብቼ ሰብሳቢ ሆኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይለቀኛል? ቁልፍ የጠፋበት እኔ ዘንድ፣ የተጣላው እኔ ዘንድ፣ ኳስ የፈነዳበት እኔ ዘንድ።

ሣሩን ያመጣነው ወንዛዬ ከሚባለው ቦታ ነው። ፍል ውኃ ልታጠብ ሄጄ ወንዙ ዳር ያለውን ሰርዶ አየሁት፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበቃቀሉ ጥቅጥቅ ያለ። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፣ ስንት እግር ረግጦት ተመልሶ ይነሳል፤ ለኳስ ሜዳ ከእሱ የሚሻል የለም። ልጆቹ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ በአይሱዙ ጭነው አመጡት፣ ስንዝር በስንዝር ተከልነው። ሁለት ክረምት ፈጀብን። ከብት ስናባርር፣ ከባለ ከብት ስንጣላ፣ በበጋ ውኃ በጀሪካን ስናመላልስ። በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ሜዳው አረንጓዴ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከላይ ቆሜ የማየው ነገር አገኘሁ።

ግን ደክሞኝ ነበር። አገሩ አልረጋ ብሎ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ድምፁን ቀንሶ ሲያወራ ከረመ። ተኝቼ ስነሳ የማይለቀኝ ድካም ነበረብኝ። ባሕር ዳር ዝውውር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ሐምሌ ላይ ውሉ ይታደስ፣ ሜዳውን ለልጆቹ አስረክብና እሄዳለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ከዚያ ሜዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሣር እንደለበሰ ትቼው መሄድ።

ኮሚቴው ሰኔ መጨረሻ ላይ አስቀድሞ ለማየት መጣ። ሰብሳቢው አቶ ምትኩ ይባላሉ፤ ዝግ ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ሣሩን አይተው ወደዱት። ነገር ግን የግቡ ቋሚ አዘንብሏል፣ ቦዩ በደለል ተሞልቷል፣ የማዕዘኑ መስመር ጠሟል። «ውሉን ለማደስ ከሥላሴ ማግስት፣ ዓርብ እንመጣለን» አሉኝ። «እስከዚያ ሜዳው ታርሞ ይቆየን።»

የክለቡን አምበል ደሳለኝን ጠርቼ ነገርኩት። ደሳለኝ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ፣ ጨዋ፣ የተባለውን እንደተባለ የሚያደርስ ልጅ ነው። «ኮሚቴው ሜዳው ይታረም ብሏል። ተጫዋቾቹ ለክረምት እርሻ ወደየገጠራቸው ገብተዋልና የሰፈሩን ሰው እርዱን በል» አልኩት። በማግስቱ ይፋግ የሚኖሩት አጎቴ ማረፋቸው ተነገረኝ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ሄድኩ።

ሰልስት ወጥቼ ልመለስ ስል መንገድ የለም ተባለ። ሲከፈት ወረታ ላይ መኪና ጠፋ። ደብረ ታቦር የገባሁት ረቡዕ፣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው። ከጉና በኩል ዝናብ ተሸክሞ የመጣ ደመና ከተማው ላይ ተደፍቷል። ባጃጁ ከሰፈሩ ራስ ላይ አወረደኝ፤ ቦርሳዬን አንግቼ ቁልቁል ስወርድ ከሜዳው በኩል ዘፈን ሰማሁ። የሴቶች ዘፈን፣ በመሃል እልልታ። በሐምሌ ሠርግ የለ፣ ምን ይሆን ብዬ ቆምኩ።

ከላይ ሆኜ ሳይ ሜዳው የለም። ማለቴ ቦታው አለ፤ ግቦቹም እንዳዘነበሉ ቆመዋል። አረንጓዴው ነው የሌለው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር አፈር፣ ለዘር የተዘጋጀ የጤፍ ማሳ። በላዩ ላይ የሰፈሩ ሴቶች እንደ አረም ደቦ በአንድ ረድፍ ቁጢጥ ብለው፣ መኮትኮቻቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ ወደ ታችኛው ግብ ይገፋሉ። ከፊታቸው የቀረችው ሣር አንዲት ቀጭን መቀነት ታክላለች። እዚህም እዚያም ደግሞ ማገጥ፣ ያ ከብት የሚወደው ባለ ሦስት ቅጠል፣ በእንክብካቤ ዙሪያው ተኮትኩቶ ቀርቷል።

እየሮጥኩ ይሁን እየወደቅኩ አላውቅም፣ ሜዳው ዳር ደረስኩ።

ቀድመው ያዩኝ እማማ ጥሩዬ ናቸው። እማማ ጥሩዬ ከሜዳው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከገጠር የመጡ አሮጊት ናቸው። ኳስ ቤታቸው ሲገባ ሳይቆጡ የሚመልሱ፣ ልጆቹ ሲጠማቸው ውኃ የሚሰጡ። ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ነው።

«እሰይ! መጣሽ ልጀ! እግዜር ያጽናሽ። ሳንጨርስ ደረስሽብን እንጅ ልናስደንቅሽ ነበር» አሉና እጄን ይዘው ወደ መሃል ጎተቱኝ። «በይ እይልን! አንዲት ዘለላ ያለፍነው የለም።»

«ምኑን ነው ያረማችሁት?» አልኩ።

«ሰርዶውን ነዋ! ሜዳችሁን ጨርሶት የለ እንዴ? ሁለት ክረምት ሙሉ እያየሁ አንጀቴ ሲበላ። እነዚህ ልጆች ከየት የመጣ ጥሩ ሣር ጭነው አምጥተው ተከሉ፣ ተው የሚላቸው ትልቅ ሰው የለ፣ ሰርዶ ዋጠባቸው እያልሁ። ያችን ማገጥ እንኳ ሊያጠፋት ምንም አልቀረው።»

ሌሎቹ ሴቶችም ተነስተው እየሳቁ ከበቡኝ። አንዷ ንፍሮ በሰፌድ አቀረበችልኝ። አንዷ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረደችልኝ። ሁሉም ዐይን ዐይኔን ያያል፤ ምስጋና ይጠብቃሉ።

«እማማ» አልኩ፣ «የተከልነው እኮ ሰርዶውን ነው።»

ሳቁ። እውነቴን ነው፣ ከልባቸው ሳቁ። ኀዘን ላይ ስለሆንኩ ልጽናና ብዬ የቀለድኩ መሰላቸው። «ኸረ በስማም! ሰው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ ሰርዶ ይተክላል?» አለች ንፍሮ ያቀረበችው ሴት። እኔ አለመሳቄን ያዩት እማማ ጥሩዬ ናቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ያንን ባላይ እመርጥ ነበር።

በዚህ መሃል ደሳለኝ አካፋ ተሸክሞ መጣ። ከሥራ ወጥቶ ቦዩን ሊጠርግ መምጣቱ ነው። ሜዳውን ሲያይ አካፋው ከእጁ ወደቀ።

«ደሳለኝ፣ ለሰዎቹ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«እንዳሉኝ ነዋ ቲቸር። ረቡዕ ሜዳው ይታረማልና እርዱን በሉልን ብየ ለአያ ዓለሙ ነገርኋቸው።»

አያ ዓለሙ የእድራችን ለፋፊ ናቸው። እዚያው ቦዩ ዳር ጥሩንባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ደቦውን እንደመሩ አባወራ ኮራ ብለው ተቀምጠዋል።

«አያ ዓለሙ፣ እርስዎስ ምን ብለው ለፈፉ?»

«የተባልሁትን! ሜዳው ይታረማል፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው መኮትኮቻ ይዞ በጧት ይውጣ።»

«መኮትኮቻውን ማን ጨመረበት?»

አያ ዓለሙ ተገርመው አዩኝ። «እና በምን ሊታረም ኑሯል እታለም? በስኪርቢቶ?»

ምን እላቸዋለሁ? አዎ፣ በስኪርቢቶ። እኔ ዕድሜ ልኬን በቀይ ስኪርቢቶ ነው የማርመው። አቶ ምትኩ ያሉት ትክክለኛ አማርኛ ነው። እኔ ለደሳለኝ ያልኩት ትክክል ነው፤ ደሳለኝ ለአያ ዓለሙ፣ አያ ዓለሙም ለሰፈሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። አንድም የተሳሳተ ሰው የለም። ሐምሌ ነው፣ ገጠሩ ሁሉ አረም ላይ ነው፣ እነዚህ ሴቶች ደግሞ ይታረማል ሲባል የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሳቅ መጣብኝ፤ ደግነቱ አልወጣም፤ ቢወጣ የማይሆን ሳቅ ነበር። ቦዩ ዳር ሄጄ ቁጭ አልኩ። አልተናደድኩም፤ ንዴት ጉልበት ይፈልጋል። የተሰማኝ በቃኝ የሚል ነገር ብቻ ነው። ሁለት ክረምት፣ ያ ሁሉ ጀሪካን፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ በደግ ሰዎች እጅ ተነቅሎ ሄደ። በክፉ ሰው ቢሆን እንኳ የምሰድበው ባገኘሁ ነበር።

ደሳለኝ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ቲቸር፣ ዓርብ እኮ ይመጣሉ።»

«ይምጡ።»

«ሜዳውን ይወስዱታል።»

«ይውሰዱት። እኔ ባሕር ዳር ተዛውሬያለሁ ደሳለኝ። በቃኝ።»

እንዲህ ልነግረው አልነበረም ያሰብኩት። ልጁ ተነሳና ወደ ላይኛው ጥግ ሮጠ። ቀና ብዬ ሳይ የተነቀለው ሰርዶ እዚያ ጥግ ተከምሯል፤ አንድ የአህያ ጋሪ እየጫነ ነው። ለካ ገደል ሊጥሉት ነው። ሰርዶ ተነቅሎ ማሳ ዳር አይተውም፣ በወደቀበት ይበቅላል። ማግስቱ ሥላሴ ስለሆነና አፈር ስለማይነካ ሳይመሽ አርቀው ሊያስወግዱልን ነው የሚጣደፉት። ደሳለኝ የጋሪውን ልጓም ይዞ ሲጮህ ሰማሁት፦ «ይመለስ! የተጫነው ይመለስ! እንተክለዋለን!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሁን የሆነው ገብቷቸዋል። አንዳንዷ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ንፍሮ ያቀረበችልኝ ሴት «ወየው፣ ምን አደረግን» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ዓለሙ ጥሩንባቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ከኋላቸው ደበቁት።

እማማ ጥሩዬ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። «የነቀልሁትን በእጄ ልተክል?» አሉ። «እኔ ሰርዶ አልተክልም።»

«እማማ፣ ለኛ ሲሉ» አለ ደሳለኝ ከሩቅ።

«ለናንተ ብየማ ነው የነቀልሁት!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ባለቤቴ አልጋ የያዘ ዓመት ማረም አቃተኝ። እሱን ላስታምም፣ ማሳውን ላርም? እሱን አስታመምሁ። ሰርዶ ገባ። ገብሱን ዋጠው፣ ሽንብራውን ዋጠው። ባለቤቴም ሞተ። ነቀልሁ፣ ነቀልሁ፣ ጥፍሬ እስቲነቀል ነቀልሁ፤ ተመልሶ ይበቅላል። መሬቴን ለሰው ትቸ እዚህ ከተማ ዳር የሰው ቤት ተከራይቸ የገባሁ በማን ይመስላችኋል? በሰርዶ ነው። የናንተን ሜዳ ሲበላ ባየሁ ቁጥር ያ ነው የሚታየኝ። ከእናንተ ከልጆቹ በላይ እኔ ነኝ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁ።»

ከቤቴ ትንሽ ወረድ ብለው የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ እንኳን ይህን፣ ባል እንደነበራቸውም አላውቅም ነበር።

ተነስቼ ወደ ክምሩ ሄድኩ። አርአያ ልሆን ብዬ አይደለም፤ እዚያ ቁጭ ብዬ የእማማ ጥሩዬን ፊት ማየት ስላቃተኝ ነው። አንድ እቅፍ ሰርዶ ይዤ መጣሁ፣ የለቅሶ ልብሴን ሳልቀይር አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ፣ በእጄ ቆፈር አድርጌ አንዱን አንጓ አኖርኩ። ቀጥሎ ሌላ። ደሳለኝ ከወዲያ በኩል ጀመረ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ከሜዳው ስፋት አንጻር የምንሠራው ነገር ያስቅ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከጎኔ አንድ ሰው ቁጢጥ አለ። ቀና አላልኩም፤ በመቀነታቸው አወቅኋቸው።

«አልተክልም ብያለሁ፤ አልተክልም» አሉ እማማ ጥሩዬ።

«እሺ እማማ።»

«አንቺ አኑሪው። አፈሩን እኔ አለብሰዋለሁ። አፈር ማልበስ ሌላ ነው።»

ከይፋግ መቃብር ዳር የመጣሁ ነኝና ቃሉ ያንን አፈር አስታወሰኝ። አጎቴን ስቀብር ያልወጣልኝ እንባ እዚያ ሜዳ ላይ ወጣ። እማማ ጥሩዬ አላባበሉኝም። እኔ አንዱን አንጓ ሳኖር እሳቸው አፈሩን በመዳፋቸው ሰብሰብ አድርገው ይመልሱበታል፣ ጫን ይሉታል፣ «ቀጥይ» ይሉኛል። እጃቸው ሰርዶውን እንዳይነካ ይጠነቀቁ ነበር።

ሴቶቹ ይህን አዩ። አንድ በአንድ እየተነሱ መጡ። እነሱም እንደ እማማ ጥሩዬ ሰርዶ በእጃቸው መትከል የሚቀፋቸው ነበሩና ያው ሥርዓት ሜዳው ላይ ዋለ፤ አንዱ ያኖራል፣ አንዷ ታለብሳለች። የሚያኖር ሲያንስ አያ ዓለሙ ጥሩንባቸውን ይዘው ሰፈሩን ዞሩ። የጎሚስታ ቤቱ ልጆች መጡ፣ ባጃጅ ነጂዎች መጡ፣ ከታች ያለው ቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪዎችም ቅል ቅላቸውን አስቀምጠው መጡ። አያ ዓለሙ ምን ብለው እንደለፈፉ ኋላ ሰማሁ፦ «ሜዳው ታርሟል፤ አሁን ደግሞ አረሙ ይተከላል!» ብለው ኖሯል። ሰው ለማየትም የመጣ ይመስለኛል።

ዘፈን አልነበረም። ዝናቡ ጠንከር አለ፣ ሁላችንም በሰበስን፣ ጭቃው ከእጃችን አልለቅ አለ። ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪያቅት ተከልን። ታችኛው ግብ ጋ ስንደርስ ክምሩ አለቀ፤ ሜዳው ግን አላለቀም፤ አንድ ጎን ባዶውን ቀረ። በማግስቱ ሥላሴ ነበር። ዝናቡ ሙሉ ቀን ሲወርድ በመስኮት እያየሁ ዋልኩ።

ዓርብ አቶ ምትኩ ከአንድ ወጣት የኮሚቴ አባል ጋር መጡ። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ጀመረና እጁን አወረደ። ሜዳው ጥቁር ነው፤ በላዩ ላይ የጠወለገ፣ ዝናብ የደበደበው ጭራሮ የመሰለ ነገር በመስመር በመስመር ተሰክቷል። እኔና ደሳለኝ፣ ከኋላችን ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች ቆመናል።

«መምህርት፣ ሣሩስ?» አሉ አቶ ምትኩ።

«ታረመ» አልኩ።

ደሳለኝ ነው ነገሩን ከመጀመሪያው ያስረዳቸው። አቶ ምትኩ አቋርጠው አልጠየቁም። ሲጨርስ ጎንበስ ብለው አንዱን አንጓ ነኩ፣ ጭቃውን ከጣታቸው ጠረጉ።

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም የከፋቸው ይመስላሉ። «ሣር የለበሰ ሜዳ ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም። ይሄ ይበቅላል ብዬ በምን ልመስክር?»

«ጌታው!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እማማ ጥሩዬ ናቸው። ሴቶቹን ገፋ አድርገው ወጡና ነጠላቸውን አጣፍተው አቶ ምትኩ ፊት ቆሙ። «ሰርዶ ይበቅላል ወይ ነው ያሉ?»

«አዎ እናቴ።»

«እኔ ልመስክር። ይህ ሰርዶ ከጉና ሥር ከነበረኝ ማሳ ነቅሎኛል። አርሸዋለሁ፣ በቅሏል። ነቅየዋለሁ፣ በቅሏል። በእሳት አቃጥየዋለሁ፣ አመዱን ገፍቶ በቅሏል። ባለቤቴን ቀብሬ ስመለስ መቃብሩ ላይ እንኳ በቅሎ ጠብቆኛል። በእድሜየ እንደሱ የጠላሁት ነገር የለም፤ ስለሱ የምዋሽበት ምክንያትም የለኝ። ከትናንት ወዲያ አፈሩን በዚህ በእጄ አልብሸዋለሁ። ሥላሴን፣ ይበቅላል!»

ወጣቱ የኮሚቴ አባል የገበሬ ልጅ ኖሯል፤ ፊቱን አዙሮ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አቶ ምትኩም ሳቅ ሲሉ ያን ዕለት የመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

«እስከ መስቀል እንጠብቃለን» አሉ። «መስቀል ላይ መጥተን አረንጓዴ ካላየን ግን እናቴ፣ የምስክርነቱ ነገር እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«እስከ ፍልሰታ ይበቃዋል» አሉ እማማ ጥሩዬ።

ልክ ነበሩ። ቡሄ ሲጮህ ሜዳው መልሶ ለብሶ ነበር፤ ያልተከልንበት ጎን ሳይቀር። ግቡም ቀና፣ ቦዩም ተጠረገ፤ ለመስቀል ውሉ ታደሰ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደምል ብዙ አሰብኩበት። ድካሜ ለቀቀኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ዛሬም ይደክመኛል። ባሕር ዳር ግን አልሄድኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ ረቡዕ በኋላ መሄድ የምፈልገው ከምን እንደሆነ ጠፋኝ። ለእኔ ያ ሜዳ የብቻዬ ሸክም ነበር፤ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ የሚያየኝ። ለካ ዳር የቆመው ሰው ሁለት ክረምት ሙሉ እያዘነልኝ ነው። ከላይ ቆሜ ኩራት የሚሰማኝን አረንጓዴ እነሱ ከታች ሆነው ያዩት መዓት ነው። አንዳችንም ለሌላው ምን እያየህ ነው ብለን አልጠየቅንም። እነሱ መንግሥትና የተማረ ሰው ያለበት ነገር ነው ብለው ፈሩ፤ እኔ ደግሞ ለምን ሰርዶ እንደተከልን ማስረዳት ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም።

አሁን ሐምሌ በገባ ቁጥር እድሩ ሲሰበሰብ እነሳና ስለ ሜዳው እናገራለሁ። የምንፈልገው ምን እንደሆነ፣ ምኑ እንደሚነቀል፣ ምኑ እንደሚቀር። አያ ዓለሙ ደግሞ ጥሩንባቸውን ሊነፉ ሲሉ ጮክ ብለው «እታለም፣ የትኛው መታረም ነው?» ይሉኛል፤ እድርተኛው በሙሉ ይስቅብኛል። እናንተም ለሰፈራችሁ ደክማችሁ የምትሠሩት ነገር ካለ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ምን እንደሚመስለው አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ያስደነግጣችሁ ይሆናል። የእኔ አስደንግጦኛል።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ተደረገ። ልጆቹ ከየገጠራቸው ተመልሰዋል፣ ፀሐዩ ጥሩ ነበር። እማማ ጥሩዬን ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። መስመሩ ዳር ቆመው ሣሩን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ያን ረቡዕ እንዲነካቸው ያልፈለጉትን ሰርዶ በመዳፋቸው እንደ ሕፃን ጀርባ ዳሰሱት።

«ባለቤቴ ይህን ሳያይ መሄዱ ደግ ሆነ» አሉኝ። «ጥሩዬ፣ አበድሽ ወይ ይለኝ ነበር።»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ሄደ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ የባለቤታቸውን። «ውቤ» አሉኝ፣ «አያ ውቤ ነበር የምለው።» ስለ አያ ውቤ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጉና ብርድ ሲያወሩልኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጨዋታው አለቀ፣ ልጆቹ እየጮሁ ወደ እኛ ሮጡ፤ ማን እንዳሸነፈ አላየሁም ነበር።